ከሳሎን ቴሌቪዥን ጋር የተገጠመችው ትንሽ ሣጥን

በሐርጌሳ ከተማ በኮድቡር ወረዳ ከአንድ የስልክ ጥገና ሱቅ ደጃፍ ቆመን፣ የተበላሸው ስልካችን እስኪሠራ ድረስ ስንጠብቅ ሁለት ነገሮች ዓይናችንን ሳቡት። አንደኛው ጠጋኙ ወጣት በማጉሊያ መነጽር ሥር ያጋደመው ቦርድ ነው። በመካከሉ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ጥቁር ቺፕ ተቀምጧል። ሁለተኛው ከወጣቱ ራስ በላይ የተሰቀለው የሱቁ ሰሌዳ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ሶማልኛ በላቲን ፊደል ተጽፎበታል። ወጣቱን ሙያውን ከየት እንደተማረው ብንጠይቀው፣ «ከሞቱ ስልኮች ነው» አለን። ሊድን የማይችል ስልክ በመጣለት ቁጥር እየፈታ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በጣቱ እየተከተለ ነው የተማረው።

ውድ አንባብያን፤ ዛሬ በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለዚያ ጥቁር ቺፕ የዘር ሐረግና እንደዚያ ወጣት እየፈቱ ስለተማሩ ሰዎች ነው። ስለ ሰሌዳው ፊደል የምንለውም አለን፤ እርሱን ግን ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ኮምፒዩተር ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚታየው የራሱ ማቀዝቀዣ ያለው ሰፊ ክፍልና በውስጡ የተደረደሩ የብረት ቁም ሣጥኖች ነበሩ። ባለቤቱም መንግሥት፣ ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1977 አሜሪካኖች ለግለሰብ የሚሆኑ አነስተኛ ኮምፒዩተሮችን ለገበያ አቅርበዋል። ይሁን እንጂ ዋጋቸው በእንግሊዝ አገር ለሚኖር የወር ደመወዝተኛ የሚቀመስ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ በካምብሪጅ ከተማ ክላይቭ ሲንክሌር የሚባሉ ሰው ነበሩ። በ1940 የተወለዱት እኚህ ሰው አስቀድሞ የሚታወቁት በ1972 ለገበያ ባዋሉት ስስ የኪስ የሒሳብ ማሽን ነው። የሥራ ፍልስፍናቸው አንድና አንድ ነበር፤ ይኸውም ዕቃው ምን ያህል ያስወጣል ብሎ ዋጋ ከመተመን ይልቅ፣ አስቀድሞ ሰው ሊከፍል የሚችለውን ዋጋ ቆርጦ ዕቃውን በዚያው ልክ መሥራት ነው። ይህ ልማዳቸው ብዙ ጊዜ አክብሯቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜም አዋርዷቸዋል።

በ1980 መጀመሪያ ዜድ ኤክስ 80 የተባለችው ኮምፒዩተራቸው ብቅ አለች። ተገጣጥማ ለሚወስዳት 99 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም፣ ክፍሎቿን በፖስታ ተቀብሎ ራሱ ለሚበይዳት ደግሞ 79 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም ነበር ዋጋዋ። ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን ናት። የራሷ መስተዋት የላትም፤ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ትገጠማለች። የራሷ መዝገብም የላትም፤ የጻፉባትን የምታስቀምጠው ሙዚቃ በሚቀዳበት ተራ ካሴት ላይ ነው። ማኅደረ ትውስታዋ 1 ኪሎ ባይት፣ ማለትም 1,024 ባይት ብቻ ነበር። አንድ ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል ብንል፣ ይህን ጽሑፍ ብንጭንባት ከመግቢያችን ሳታልፍ ትሞላለች። በዚያ ላይ አንድ ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ምስል ለቅጽበት ይጠፋ ነበር፤ ሥዕሉን የሚሥለውም ቁልፉን የሚያዳምጠውም ያው አንዱ ቺፕ ስለነበረ፣ አንዱን ለመሥራት ሌላውን መተው ነበረበት።

እንዲህ ያለ ጉድለት የሞላበትን ዕቃ ሰው ለምን ተሻማበት? እኛ እንደምናስበው ምክንያቱ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ሣጥኗ በተከፈተች ጊዜ በመስተዋቱ ላይ የምታሳየው ነገር ባዶነት ነው። አንድም የተዘጋጀ ነገር የለም። ትእዛዝ ትጠብቃለች። ስለዚህ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ወይ ከሣጥኗ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ገልጦ ቤዚክ የተባለውን የትእዛዝ ቋንቋ መማር አለበት፤ አለዚያም ወደ ማሸጊያዋ መልሶ ይከታታታል። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች አባቶቻቸው ተስፋ ቆርጠው የተዉትን መጽሐፍ አንሥተው ሲጨርሱት ታዩ።

በመጋቢት 1981 ዜድ ኤክስ 81 ተተካች። የቀድሞዋ ወደ ሃያ የሚጠጉ ቺፖች ሲኖሯት በዚህችኛዋ ወደ አራት ዝቅ አሉ፤ ምክንያቱም ፌራንቲ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የብዙዎቹን ቺፖች ሥራ ጠቅልሎ የሚይዝ አንድ ልዩ ቺፕ ሠርቶላታል። ይህን ልዩ ቺፕ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል። ዋጋዋ 69 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም፣ ራሱ ለሚበይዳት ደግሞ 49 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም ሆነ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጠች። ማኅደረ ትውስታዋን ወደ 16 ኪሎ ባይት የሚያሳድግ ተቀጽላ ከበስተኋላዋ ይሰካላት ነበር። ይህ ተቀጽላ ግን ላላ ያለ በመሆኑ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ሲወዛወዝ ደግሞ ሰዓታት የተደከመበት ጽሑፍ በሙሉ በአንድ አፍታ ብን ብሎ ይጠፋል። ልጁ በሚለጠፍ ሸክላ መሰል ነገር ያጣብቀዋል፤ እናት ገበታ ልታቀርብ ስትመጣ «ጠረጴዛውን እንዳትነኪው!» ይላታል፤ አባት ደግሞ የዜና ሰዓት ደርሷልና ቴሌቪዥኑ እንዲለቀቅለት ይጠይቃል። በብዙ ቤት ያለው ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ነበርና ሙግቱ ቀላል አልነበረም።

የዳንዲ እናቶች

ዜድ ኤክስ 81 የተገጣጠመችው በስኮትላንድ፣ በዳንዲ ከተማ ነው። ዳንዲ የጆንያ ጥሬ ዕቃ የሆነውን ጁት በመፍተልና በመሸመን የታወቀች ከተማ ነበረች። የጁት ሥራ እየተዳከመ ሲሄድ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታይሜክስ የተባለው የአሜሪካ የሰዓት ኩባንያ በከተማዋ ፋብሪካ ከፈተ። አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ነበሩ። ረቂቅ የሰዓት ዕቃዎችን በጣታቸው ሲያገጣጥሙ የኖሩ ሴቶች ናቸውና፣ በ1980ዎቹ መግቢያ የሲንክሌር ሥራ ሲመጣ እጃቸው ለብየዳውና ለስካው የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የኮምፒዩተር ታሪክ ሲጻፍ የአለቆቹና የመሐንዲሶቹ ስም ይጠራል፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው አንድ ሚሊዮን ሣጥን ያለፈባቸው እጆች ግን ስም የላቸውም። ደግሞም ከተማዋ ያገኘችው ደመወዝ ብቻ አልነበረም። በዳንዲ እነዚህ ኮምፒዩተሮች በየቤቱ የተለመዱ ዕቃዎች ሆኑ። እናቶች በቀን የገጣጠሙትን ልጆች በማታ ይጽፉበት ጀመር።

ዴቪድ ጆንስ የተባለ የከተማዋ ወጣት በታይሜክስ ፋብሪካ የሙያ ተለማማጅ ነበር። ሠራተኛ ሲቀነስ እርሱም ተቀነሰ፤ በስንብት ከተሰጠው ገንዘብም ከፍ ያለ ኮምፒዩተር ገዛበት። በ1980ዎቹ ማብቂያ ከጓደኞቹ ጋር ዲ.ኤም.ኤ. ዲዛይን የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ይህ ድርጅት በ1991 «ሌሚንግስ»ን፣ በ1997 ደግሞ «ግራንድ ቴፍት ኦቶ» የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ አወጣ። የሁለተኛው ይዘት ለቤተሰብ ዓምድ የሚመች አይደለም፤ ልጆቻችሁ ስሙን ካወቁት ከየት እንደሰሙት መጠየቁ አይከፋም። በዚያው በ1997 በከተማዋ የሚገኘው የአበርቴይ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ጨዋታ ሥራ የዲግሪ ትምህርት ጀመረ። ፋብሪካው ግን በ1993 በሠራተኞቹና በአስተዳደሩ መካከል ከተነሣ መራራ የሥራ ክርክር በኋላ ተዘግቷል። ልጆቹ በጨዋታው ዓለም ስም ሲያተርፉ እናቶቹ ከበሩ ውጭ ቀሩ። በአንድ ከተማ ሁለቱም መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል።

በሚያዝያ 23 ቀን 1982 የሲንክሌር ኩባንያ ከሁሉም ይበልጥ የታወቀችውን ስፔክትረምን አቀረበ። ሪቻርድ አልትዋሰር ዑደቷን ነደፈ፤ ስቲቭ ቪከርስ የውስጥ ትእዛዟን ጻፈ፤ ሪክ ዲኪንሰን መልኳን ቀረጸ። ጥቁር ሣጥን ከአርባ የጎማ ቁልፎች ጋር፣ በጎኗም የቀስተ ደመና ቀለም። 16 ኪሎ ባይት ያላት 125 ፓውንድ፣ 48 ኪሎ ባይት ያላት 175 ፓውንድ ትሸጥ ነበር፤ ሁለተኛይቱ በጊዜው ምንዛሪ ከ600 የኢትዮጵያ ብር በላይ መሆኗ ነው። በጠቅላላው ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ተሸጡ።

የሲንክሌር ዋነኛ ተወዳዳሪ የወጣው ከራሳቸው ቤት ነው። ክሪስ ከሪ ለብዙ ዓመታት አብሯቸው ሲሠራ ቆይቶ ተለየና፣ ከኦስትሪያዊው ሔርማን ሐውዘር ጋር አኮርን የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የእንግሊዝ የማሠራጫ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. ሕዝቡን ስለ ኮምፒዩተር የሚያስተምር የቴሌቪዥን ትምህርት ለመጀመር አስቦ፣ ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ ኮምፒዩተር ይፈልግ ነበር። ሁለቱም ኩባንያዎች ለዚህ ዕድል ተሽቀዳደሙ። የአኮርኖቹ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ሌት ተቀን ሠርተው በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ የናሙናውን ማሽን አስነሡና ዕድሉን አሸነፉ። ቢ.ቢ.ሲ. ማይክሮ በ1981 ማብቂያ ወጣች፤ የቴሌቪዥኑ ትምህርት በጥር 1982 ተጀመረ። መንግሥትም ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ሲገዙ ግማሹን ዋጋ ይከፍል ስለነበር፣ ይህች ማሽን በአብዛኞቹ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ገባች።

የሁለቱ ወዳጆች ፉክክር እስከ ምን ደርሶ እንደነበረ አንድ ነገር እንጨምር። በ1984 የገና ሰሞን አኮርን የሲንክሌርን ማሽኖች ብልሽት የሚያጋልጥ ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣ። በዚያው ሰሞን ሁለቱ ሰዎች በካምብሪጅ በአንድ መጠጥ ቤት ተገናኙ። ሲንክሌር፣ ያውም ባለፈው ዓመት የ«ሰር» ማዕረግ የተቀበሉት ሰው፣ ጋዜጣውን ጠቅልለው ከሪን በአደባባይ ወረዱበት።

ከዚህ ጠብ የበለጠ የሚያስፈልገን ግን በጸጥታ የተሠራው ሥራ ነው። እነዚያው ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ለሚቀጥለው ኮምፒዩተራቸው የሚሆን ቺፕ በገበያው ቢያጡ፣ ራሳቸው አዲስ ነደፉ። ቺፑ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው በሚያዝያ 1985 ነው። አርም ይባላል። ከጥቂት ሰዎች የወጣ ሥራ በመሆኑ ቀላል ነበር፤ ቀላል በመሆኑም የሚፈጀው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ሆነ። በኪስ የሚያዝ ስልክ ሲመጣ፣ በባትሪ ለሚኖር መሣሪያ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ስልኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠሩት የዚያን ንድፍ ዘሮች ይዘው ነው። በኮድቡር በማጉሊያው ሥር ያየነው ቺፕም የእነዚያ የትምህርት ቤት ማሽኖች የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ሰር ክላይቭ ግን አልቀናቸውም። በ1985 ያወጧት ባለሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መሳቂያ ሆነች፤ በ1986 የኮምፒዩተር ሥራቸውን ለአምስትራድ ኩባንያ በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጡ። ያን ያህል ሚሊዮን ቤት ኮምፒዩተር ያስገቡት ሰው በኋለኛው ዘመናቸው ኢንተርኔት እንደማይጠቀሙ ተናግረዋል። በመስከረም 2021 አረፉ።

በሬዲዮ የሚላክ ጽሑፍ

የመገናኛ ክፍል ባልደረቦቻችን ይህን ክፍል በተለይ ይወዱት ይሆናል። ከላይ እንዳልነው የእነዚህ ማሽኖች ጽሑፍ የሚቀመጠው በካሴት ነው። ማሽኗ እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ድምፅ ትለውጠዋለች፤ ድምፁ በቴፕ ይቀዳል። መልሶ ሲሰማ ጆሮ የሚበሳ የጩኸትና የፉጨት ድብልቅ ነው። በስፔክትረም ላይ ረጅም ጽሑፍ ከካሴት ለማስገባት አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በመካከሉ የቴፑ ድምፅ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ሁሉ ነገር እንደገና ይጀመራል።

ነገር ግን ድምፅ የሆነ ነገር ሁሉ በሬዲዮ ሊተላለፍ ይችላል። ይህንንም የሞከሩ አልጠፉም። በሆላንድ የሬዲዮ ጣቢያ የኮምፒዩተር ጽሑፎችን በአየር ላይ ያሠራጭ ነበር። በዩጎዝላቪያም ከ1983 ጀምሮ የቤልግሬድ ሬዲዮ በ«ቬንቲላተር 202» ፕሮግራሙ አዘጋጁ «ቴፓችሁን አዘጋጁ» ብሎ ሲያበቃ ያንን ፉጨት ይለቅቀዋል። አድማጩ በቤቱ ይቀዳዋል፤ ካሴቱን ወስዶ ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኘዋል፤ ጽሑፉም ይሠራለታል። ሽቦም ሆነ ፖስታ ሳያስፈልግ፣ አንድ ሬዲዮ ለብዙ ሺህ ቤት በአንድ ጊዜ ማደል ቻለ።

የተቀዱት ማሽኖች

እስካሁን ያወሳነው መግዛት ስለሚችሉ ነው። መግዛት የማይፈቀድላቸው ወይም የማይችሉትስ?

አንዳንዱ ቅጂ በስምምነት የተሠራ ነው። ታይሜክስ ራሱ ዜድ ኤክስ 81ን ትንሽ አሻሽሎ በ1982 በአሜሪካ ከ100 ዶላር ባነሰ ዋጋ ሸጧል። በፖርቱጋልም የስፔክትረምን አምሳያ ሠርቷል። ብዙዎቹ ቅጂዎች ግን ማንም ያልፈቀዳቸው ናቸው። ብራዚል የራሷን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ለማሳደግ ስትል የውጭ ኮምፒዩተር እንዳይገባ ከለከለች፤ ማይክሮዲጂታል የተባለው የአገሪቱ ኩባንያም የሲንክሌርን ማሽኖች ተራ በተራ ቀድቶ ሠራ። በ1985 ያወጣት የስፔክትረም አምሳያ ቲ.ኬ. 90 ኤክስ ትባላለች።

በምሥራቅ አውሮፓ ደግሞ ምዕራባውያን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደዚያ እንዳይሸጥ የጣሉት ገደብና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ተደማምረው ማሽኖቹን ብርቅ አድርገዋቸው ነበር። በሻንጣ የገባ አንድ ስፔክትረም ከተገኘ መጀመሪያ የሚደርስበት ነገር መፈታት ነው። በሩማንያ በ1985 ኤች.ሲ. 85፣ ቀጥሎም በብራሾቭ ከተማ ኮብራ ተሠራች፤ ስሟ ኮምፒዩተርና ብራሾቭ ከሚሉት ቃላት መጀመሪያ የተቀጣጠለ ነው። በፖላንድ የቭሮትስዋፍ ፋብሪካ በ1986 ለትምህርት ቤቶች ኤልቭሮ 800 ጁኒየርን አወጣ። በቼኮስሎቫኪያ፣ በስካሊትሳ ከተማ በ1987 ዲዳክቲክ ጋማ ተከተለች። የምሥራቅ ጀርመን ፋብሪካ ዜድ 80 የተባለውን የአሜሪካ ዋና ቺፕ አስቀድሞ ቀድቶ ዩ 880 ብሎት ስለነበር፣ የሁሉም ልብ የሚሆን አልጠፋም።

ችግሩ በልባችሁ ያዙልን ያልነው ዓይነት የፌራንቲ ልዩ ቺፕ ነበር። ምስሉን፣ ቀለሙን፣ ድምፁን፣ ቴፑንና ቁልፎቹን የሚያስተዳድረው እርሱ ነው፤ በገበያ አይገኝም፤ ውስጡም አይታይም። ስለዚህ የሶቪየት ኅብረት መሐንዲሶች ቺፑን ውጫዊ ጠባዩን እያዩ፣ በዚህ እግሩ ይህ ሲገባ በዚያ እግሩ ያ ይወጣል እያሉ በመለኪያ መሣሪያ አጠኑት። ከዚያ በኋላ ያንን ሥራ በደርዘን በሚቆጠሩ ተራ ቺፖች እንደገና አቀናበሩት። በ1980ዎቹ ማብቂያ ሰርጌይ ዞኖቭ በዚህ መንገድ የነደፈው «ሌኒንግራድ» የተባለው ቦርድ ቀላልና ርካሽ በመሆኑ በየከተማው ተባዛ። በሞስኮ የተነሣው «ፔንታጎን» ተከተለ፤ የዲስክ ማጫወቻም ጨመረበት። ሰዎች ባዶ ቦርዱን በየገበያው ገዝተው፣ ቺፖቹን አንድ በአንድ ለቃቅመው፣ ማታ ማታ በኩሽና ጠረጴዛ ላይ ይበይዱት ነበር። በእንግሊዝ ስፔክትረም መሠራት ካቆመች ከዓመታት በኋላ እንኳ በሩሲያ ለአምሳያዎቿ አዳዲስ ጽሑፍ መጻፉ አልቆመም።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ካለብን እንዲህ እንላለን። የሰውን ድካም ሳያስፈቅዱ መውሰድ ስሙ ያው ነው፤ በማሽኖቹ ላይ ለሚጫወቱት ጨዋታ ደራሲዎች ከምሥራቅ አውሮፓም ሆነ ከብራዚል ሳንቲም አልደረሳቸውም። የሌኒንግራዱን ቦርድ የበየደ ወጣት ግን ከማሽኑ ውስጥ የማያውቀው አንድ ሽቦ አልነበረም። ሱቅ ገብቶ 175 ፓውንድ የቆጠረው የለንደን ልጅ ያ ልዩ ቺፕ ምን እንደሚሠራ ጠይቆ አያውቅም፤ አያስፈልገውምም ነበር።

ሦስት መስመር ፊደል

በ1980ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በሶቪየት ኅብረት፣ በሩማንያ፣ በቼኮስሎቫኪያ፣ በምሥራቅ ጀርመንና በሌሎች አገሮች ይማሩ ነበር። ከእነዚህ መካከል አንዱ በመኝታ ክፍሉ እንዲህ ካለች ቅጂ ፊት ተቀምጦ፣ ለእናቱ የሚልከውን ደብዳቤ በአማርኛ ልጻፍባት ቢል ምን ይገጥመው ነበር?

ነገሩ ከንቱ ምኞት አይደለም። ብራዚላውያን ቲ.ኬ. 90 ኤክስን ሲሠሩ ለፖርቱጊዝና ለስፓኝ ቋንቋ የሚያስፈልጉትን ባለ ምልክት ፊደላት አስገብተውባታል። ስፔክትረም ራሷም ለባለቤቷ ይህን መብት ትሰጥ ነበር። በመስተዋቱ ላይ እያንዳንዱ ፊደል የሚሣለው ስምንት በስምንት በሆነ ጥልፍ መሰል ሠንጠረዥ ነው፤ የሚበራው ነጥብ 1፣ የማይበራው 0 ይባላል። አንድ ፊደል ስምንት ባይት ይይዛል ማለት ነው። ማሽኗ ባለቤቷ በፈለገው ቅርጽ የሚሞላው 21 የፊደል ቦታ ትታ ነበር።

ሃያ አንድ። የፊደል ገበታችንን ለተማረ ሰው ይህ ቁጥር የታወቀ ነው፤ ሦስት መስመር መሆኑ ነው። ሀ ለ ሐ እስከ ሰባተኛቸው ተጽፈው ቦታው ያልቃል፤ መ ከደጅ ይቀራል። ሠላሳ ሦስቱ መስመር ከነሰባት ሰባቱ 231 ፊደል ሲሆን፣ በስምንት ቢባዛ 1,848 ባይት ይሆናል። ይህ ከዜድ ኤክስ 81 ጠቅላላ ማኅደረ ትውስታ ይበልጣል፤ ማለትም አንድም ቃል ሳይጻፍ ፊደሉ ብቻውን ማሽኗን ሞልቶ ይፈስሳል። በ48 ኪሎ ባይቷ ስፔክትረም ግን ጥበብ ለሚያውቅ ሰው ቦታ አይጠፋም። በ21ዱ ቦታ ምትክ ማሽኗ ፊደል የምታነብበትን አድራሻ እያዛወሩ፣ ገበታውን በየክፍሉ ማስቀመጥ ይቻላል። አርባ የጎማ ቁልፎች 231 ፊደል እንዴት ይጠሩ የሚለው ግን ሌላ ራስ ምታት ነው።

በሐርጌሳ ያየነው ሰሌዳ ትዝ ያለን ለዚህ ነው። ሶማልኛ በ1972 በይፋ የላቲንን ፊደል ስለተቀበለ፣ ያ ሱቅ ሰሌዳውን ከለንደን በመጣችው ሣጥን ላይ ያለ አንድ ለውጥ ሊጽፈው ይችል ነበር። እኛ ግን ፊደላችንን ይዘን የምንገባበትን በር ራሳችን መቁረጥ ነበረብን። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በአገር ውስጥም በውጭም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአይ.ቢ.ኤም. ዓይነት ኮምፒዩተሮች ላይ ይህንኑ ደከሙበት፤ ለረጅም ጊዜ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር፤ እያንዳንዱ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበርና። በ1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትም ከገባ በኋላ ግን ሀ በየትኛውም ማሽን ሀ ሆነ። ወጣቱ ጠጋኝ ስልካችንን አድኖ ሲመልስልን፣ በመስተዋቱ ላይ ከቤት የተላከ የአማርኛ መልእክት እየጠበቀን ነበር።

ልጆች ያላችሁ አንባብያን አሁን ካሬ ያለበት የሒሳብ ደብተር አቅርቡ። ስምንት ካሬ ወደ ጎን፣ ስምንት ወደ ታች ክበቡ። ከላይ ከግራ ወደ ቀኝ በየካሬው አናት 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብላችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩን ለማግኘት የሚደመሩትን ካሬዎች አጥቁሩ። ለምሳሌ 66 ማለት 64 እና 2 ናቸው፤ 60 ማለት 32፣ 16፣ 8 እና 4 ናቸው። እንግዲህ ከላይ ወደ ታች፦ 0፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 60፣ 0። ደብተሩን ራቅ አድርጋችሁ ብትመለከቱት ሀ ተቀምጣለች። ያንኑ ከታች ወደ ላይ ገልብጡት፦ 0፣ 60፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 0። ይህ ለ ነው።

የሚከተለውን ግን አንነግራችሁም፤ ልጆቹ ራሳቸው ያውጡት፦ 0፣ 126፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 0። መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ዓምድ ይወጣል።